ክርክር፦ የኤሌክትሮን ማፍጠኛ ማሽን ለሰሜን ሸዋ ይበጃል?

አወያይ፦ ለዞናችን አንድ የኤሌክትሮን ማፍጠኛ (አክስለሬተር)፣ ማለትም ኤሌክትሮን አፍጥኖ ጨረር የሚያወጣ ማሽን፣ ይተከል ቢባል ትደግፋላችሁ? ለሮቢት ሽንኩርት፣ ለደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ወይስ ለዩኒቨርሲቲው ምርምር? ስድብ ያስባርራል።

የሮቢት ገበሬ፦ እደግፋለሁ። ሽንኩርት ሲደርስ ሁላችንም አንዴ አውጥተን ነጋዴው ባሻው ዋጋ ይወስደዋል። በጨረር ከታከመ ሳይበቅል ወራት ይቆያል አሉ።

የመንዟ፦ ኧረ በስመ አብ! ጨረር የነካው ሽንኩርት ለልጆቼ ላቁላላ? ማሽኑ ቢፈነዳስ?

መምህር፦ እትዬ፣ የሚፈነዳ ነገር የለውም። ከጋለ ብረት የወጣ ኤሌክትሮን አየር በተመጠጠ ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይፈጥናል፤ የድሮው ጀርባ ትልቅ ቴሌቪዥንም በአነስተኛ ኃይል ይህንኑ ነበር የሚያደርገው። ሲያጠፉት ጨረሩም ይቆማል። ለዚሁ ሥራ የሚውለው ጨረር አመንጪ ብረት፣ ኮባልት 60፣ ግን ማጥፊያ የለውም፤ ጉልበቱ በግማሽ እስኪቀንስ እንኳ 5 ዓመት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ኮዴክስ የተባለው የዓለም የምግብ ደንብ የኤሌክትሮኑ ጉልበት ከ10 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበቱ መለኪያ ነው) እንዳያልፍ የገደበው ምግቡ ራሱ ጨረር አመንጪ እንዳይሆን ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት፣ የፋኦ (የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት) እና የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኤጀንሲ የጋራ ባለሙያዎች እስከ 10 ኪሎግሬይ (ምግቡ የሚቀበለው የጨረር መጠን መለኪያ) የታከመ ምግብ ጉዳት እንደሌለው ወስነዋል። ለሽንኩርት 0.15 ኪሎግሬይ ይበቃል። አደጋው ማሽኑ ሲሠራ ክፍሉ ውስጥ ለተገኘ ሰው ነው፤ ለዚህ ነው ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳና ሲከፈት ማሽኑን የሚያጠፋ በር የሚሠራው።

የመንዟ፦ እዚህ አገር እኮ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ገመዱ ነው የሚቆረጠው።

መምህር፦ እሱ እውነት ነው። ለዚያ ፊዚክስ መልስ የለውም፤ ጥርስ ያለው ተቆጣጣሪ ይፈልጋል።

የመጋዘን ሰው፦ ጋሼ ሮቢት፣ ተስፋዎን ላጨልም አይደለም፣ ግን ሽንኩርት ለዚህ ማሽን ደንበኛ አይሆንም። በእናንተ ሙቀት ሽንኩርቱ በአብዛኛው የሚጠፋው በስብሶና ደርቆ ነው። ያቺ ትንሽ ጨረር ቡቃያውን ታስቆማለች እንጂ ሻጋታውን አትገድልም። ደግሞ ባለ 10 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልቱ ጨረርም ውሃ ውስጥ የሚዘልቀው 4 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። የሽንኩርቱን ከረጢት እንደታሰረ ማሳለፍ አይቻልም፤ ፈቶ መደርደር ነው። ወቅቱ ሲያልፍስ ማሽኑ ምን ይሠራል? አየር የሚያስገባ፣ ጥላ ያለው ቆጥ ይሻላችኋል።

የሮቢት ገበሬ፦ ቆጡንስ ማን ሠራልን?

የበሬሳ ልጅ፦ ኮሪያ ውስጥ ዴጉ ላይ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን 10,000 ሜትር ኩብ የጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ በዚህ ማሽን አክመዋል። ፋብሪካ እየበዛ ነው፤ የበሬሳን ወንዝ ማን ያድነዋል?

የመጋዘን ሰው፦ ዴጉ እኮ ማሽኑን ቀድሞ ከነበረው የባክቴሪያ ማጣሪያ ጋር ነው ያቀናጁት። ጨረሩ ቀለሙን ሰባብሮ ለባክቴሪያው ያመቻቻል፤ ብቻውን አይበቃም። ኃይሉም 400 ኪሎዋት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር እንዲህ ያለ ማሽን የሚነሳና የሚወድቅ ከሆነ ኪሳራ ነው። መደበኛው ማጣሪያ ይቅደም።

መምህር፦ ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ሥራ የሚሰጠውን እንፈልግ። ሲሪንጅና ጓንት እንደታሸገ በ25 ኪሎግሬይ ከጀርም ይጸዳል። የኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን ሙቀት እንዲችል የሚደረገውም በዚሁ ነው። ማሽኑ በዚህ ወጪውን ከቻለ ለተማሪዎቹ የሌሊት ሰዓት ይለቀቅላቸው። ለምርምር ብቻ ከተገዛ ግን መለዋወጫ ሲጠፋ አቧራ ይለብሳል፤ የዚህ ዓይነት ላቦራቶሪ አይቻለሁ።

የበሬሳ ልጅ፦ ሲሪንጅ ከሆነማ አዲስ አበባ ይወስዱታል።

መምህር፦ 130 ኪሎሜትር ነው፤ ካርቶን ይመላለሳል።

የመንዟ፦ ሲሪንጁ ይሁን። ሽንኩርቱ ላይ ግን «በጨረር የታከመ» ተብሎ ይጻፍበት።

መምህር፦ ኮዴክስም እንዲጻፍ ያዛል።

የመንዟ፦ ጉልት ላይ በመደብ የሚሸጠው ላይ ማን ይጽፋል?