ግሊቤንክላማይድና ሜትፎርሚን እየወሰድኩ የጂም ማሟያዎችን መጠቀም እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ዳንኤል (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 47 ነው፤ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ከታወቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ሜትፎርሚን 1000 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊግራም ጠዋት፣ ለደም ግፊት ደግሞ ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። ሐኪሜ ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት እንድሠራ ከመከረኝ ወዲህ ከሥራ በፊት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጂም እገባለሁ። ክብደት ማንሳቱን ወድጄዋለሁ፤ የሦስት ወር የስኳር ውጤቴም ተሻሽሏል።

ታናሽ ወንድሜ በቅርቡ ከዱባይ ሲመጣ ማስ ጌይነር (ክብደት ለመጨመር የሚጠጣ ዱቄት)፣ ፕሪ ወርክአውት (ከስፖርት በፊት ለማነቃቂያ የሚወሰድ ዱቄት) እና ለጡንቻ ጉልበት የሚወሰደውን ክሬቲን ሞኖሃይድሬት ይዞልኝ መጣ። የማስ ጌይነሩ ጀርባ ላይ በአንድ ጊዜ አወሳሰድ ካርቦሃይድሬት 250 ግራም፣ ፕሮቲን 50 ግራም፣ ስኳር 20 ግራም የሚል ተጽፏል። አሠልጣኜ የስኳሩን ቁጥር አይቶ ለእኔም እንደሚስማማ ነግሮኛል። እኔ ግን ከመድኃኒቶቼ ጋር የሚጋጭ ነገር እንዳይኖር ስለሠጋሁ አንዱንም ገና አልከፈትኩም። በተጨማሪም ጾም ስለምጾም፣ በዚያ ወቅት ምን ማድረግ እንዳለብኝ የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ሰላማዊት (ፋርማሲስት)

ወንድም ዳንኤል፣ ሳይከፍቱ መጠየቅዎ በጣም ጥሩ ነው። ከዱቄቶቹ በፊት የመድኃኒቶችዎን ዝርዝር ማየት ይቀድማል፤ አንድን የስኳር ታማሚ ምንም የማያደርግ ማሟያ ሌላውን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በሚወስደው መድኃኒት የተነሣ ነውና። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ሰውዬው በላም አልበላም ቆሽቱ ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋዋል፤ ሥራውም ለረጅም ሰዓታት ይቆያል። ስለዚህ ጡንቻ ስኳርን ከደም በሚስብበት በስፖርቱ ሰዓት፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ሳሉ፣ የደም ስኳርዎ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሊወርድ ይችላል።

ከዚህ አንጻር ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ፕሪ ወርክአውቱ ነው። በብዙዎቹ ምርቶች አንድ ስኩፕ ውስጥ ከ150 እስከ 300 ሚሊግራም ካፌይን አለ፤ ከዚያም በላይ የያዙ አሉ። ለጤናማ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ድረስ ጉዳት እንደማያመጣ ይታሰባል፤ እርስዎ ግን የደም ግፊት አለብዎ፣ ምናልባትም ከጂም መልስ አቦሉንም ቶናውንም ይጠጡ ይሆናል። ካፌይን የደም ግፊትን ከፍ ከማድረጉም በላይ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከምግብ በኋላ ያለውን ስኳር ለጊዜው ሊጨምር ይችላል። ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ካፌይን ሲበዛ የሚመጣው የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና ላብ፣ ስኳር ሲወርድ ከሚታየው ምልክት ጋር አይለይም። ክብደቱን እንደያዘ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ዱቄቱ መሥራት ጀመረ ብሎ ሊቀጥል ይችላል፤ ጣቱን ወግቶ ቢለካ ግን ስኳሩ 55 ላይ ደርሶ ሊያገኘው ይችላል። አንዳንዶቹ ምርቶች ደግሞ የተለያዩ ንጥረ ነገሮችን በአንድ ድምር ብቻ ስለሚጽፉ የእያንዳንዱን መጠን ማወቅ አይቻልም። ይህን ዕቃ እርስዎ ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ።

ማስ ጌይነሩንማ ሳላመነታ አይሆንም እላለሁ። አሠልጣኝዎ ያዩት የስኳሩን መስመር ብቻ ነው፤ ማየት የሚገባው ጠቅላላ ካርቦሃይድሬቱን ነበር። በእንዲህ ያለ ዱቄት ውስጥ ዋናው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ማልቶዴክስትሪን የተባለ ካርቦሃይድሬት ነው። እርሱ በማሸጊያው ላይ ከስኳር ጋር አይቆጠርም፤ ሆድ ከገባ በኋላ ግን በፍጥነት ወደ ግሉኮስ ይለወጣል። ስኳሩ ለወረደበት ሰው መጀመሪያ የምንሰጠው ፈጣን ካርቦሃይድሬት 15 ግራም ነው፤ የእርስዎ ማስ ጌይነር በአንድ ጊዜ የሚያስጠጣዎ ከዚያ 16 እጥፍ በላይ ነው።

ጂም ሲሄዱ የስኳር መለኪያዎን ይያዙ። ከመጀመርዎ በፊት ከ90 በታች ከሆነ ቢያንስ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት ይውሰዱና ከፍ ማለቱን አረጋግጠው ይጀምሩ። መሀል ላይ ከ70 በታች ከወረደ ስፖርቱን አቁመው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ (ስኳር አልባ ያልሆነውን) ይጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። በሶ ወይም ቸኮሌት ለዚህ ጊዜ አይሆንም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ከባድ ክብደት ካነሱ በኋላ ስኳርዎ ከመነሻው ከፍ ብሎ ቢያገኙት ደግሞ አይደንግጡ፤ አድሬናሊን ጉበት ስኳር እንዲለቅ ስለሚያደርግ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ራሱ ይመለሳል። የግሊቤንክላማይዱን መጠን ወይም ሰዓት በራስዎ አይቀይሩ፤ ነገር ግን ስፖርት መጀመርዎን ሐኪምዎ ሰምቶ መድኃኒቱን እንዲያስተካክል ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይሂዱ።

መልስ፦ ቴዎድሮስ (ሜሪላንድ፣ የኩላሊት ክፍል ነርስ)

እኅቴ ሰላማዊት ካለችው ላይ ስለ ክሬቲኑ ልጨምር። ከሦስቱ ብዙ የተጠናው እርሱ ነው፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም የሚወሰደው መጠን ጤናማ ኩላሊት ያላቸውን ሰዎች እንደሚጎዳ አልታየም። ለስኳር ታማሚ ግን አንድ ጣጣ አለው። ሰውነት ክሬቲንን ሲጠቀም የሚተርፈው ክሬአቲኒን ነው፤ ላቦራቶሪውም የኩላሊትን አቅም የሚገምተው በዚሁ በክሬአቲኒን ነው። ስለዚህ ክሬቲን የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ሳለ ውጤቱ ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ያንን ውጤት ያየ ሐኪም ደግሞ ስለ ዱቄቱ ካልተነገረው ሜትፎርሚንዎን ሊቀንስ ወይም ሊያቆም ይችላል፤ መድኃኒቱ የሚሰጠው የኩላሊት አቅም እየታየ ነውና፣ የዚህ አቅም ግምት (eGFR) ከ30 በታች ከወረደ ፈጽሞ አይሰጥም። በተቃራኒው እውነተኛ የኩላሊት ድካም መጥቶ ሳለ «ክሬቲኑ ነው» ተብሎ ሊታለፍም ይችላል፤ ይህኛው ይበልጥ ይከፋል።

ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት የክሬአቲኒንና በሽንት ውስጥ የሚወጣ የአልቡሚን (የፕሮቲን ዓይነት) ምርመራ አድርገው ውጤቱን ያስቀምጡ፤ መነሻው ከታወቀ በኋላ የሚመጣውን ለውጥ መተርጎም ይቀላል። አልቡሚን ከተገኘ ወይም የኩላሊትዎ አቅም ከቀነሰ ክሬቲኑን ይተዉት፣ የፕሮቲኑንም መጠን በራስዎ አይጨምሩ። ጥርጥር ሲነሣ ሲስታቲን ሲ የሚባል ምርመራ አለ፤ ክሬቲን አያዛባውም፣ የሚሠራው ግን በሁሉም ላቦራቶሪ አይደለም።

እኛ የምንኖርበት አገር ሰው ስለ ማሟያዎች የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፤ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ሁሉ በመንግሥት የተፈተሸ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት ግን ማሟያ እንደ መድኃኒት አስቀድሞ ደኅንነቱና ፈዋሽነቱ ተረጋግጦ አይጸድቅም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በማቅጠኛ ምርቶች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ከገበያ የወጣውን ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት፣ «ስኳር በተፈጥሮ ያወርዳል» ተብለው በሚሸጡ እንክብሎች ውስጥ ደግሞ ያልተጻፈ ግሊቤንክላማይድ አግኝቶ አስጠንቅቋል። እርስዎ በሐኪም ትእዛዝ በሚወስዱት ላይ ሳያውቁ ሌላ ቢጨመርበት ምን ሊሆን እንደሚችል ያስቡት። ክሬቲኑን ለመጠቀም ከወሰኑ ማሟያዎችን የሚፈትሹት የኤንኤስኤፍ ወይም የኢንፎርምድ ስፖርት ምልክት ያለበት መሆኑን ይመልከቱ። ምልክቱ ማሰሮው ውስጥ ያለው የተጻፈው መሆኑን እንጂ ለስኳር ታማሚ መስማማቱን አይናገርም።

መልስ፦ እቴነሽ (ሐዋሳ)

እኔም የስኳር ታማሚ ነኝ፣ ስፖርትም እሠራለሁ፤ የምመልሰው ስለ ጾሙ ብቻ ነው። ዌይ ፕሮቲን ከወተት የሚወጣ ስለሆነ ለጾም አይሆንም፤ ከአተር ወይም ከአኩሪ አተር የተሠራው ይሆናል፣ ካርቦሃይድሬቱ ዝቅተኛ መሆኑን ግን ከጀርባው ያንብቡ። በእኔ አስተያየት ግን ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው እያለ ዱቄት መግዛት የግድ አይደለም፤ እንጀራውን ቀነስ፣ ወጡን በዛ ማድረግ ብዙ ይረዳል። ዋናው ሥጋቴ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየትዎ ነው። ግሊቤንክላማይድ ውጦ፣ ጠዋት ክብደት አንስቶ፣ ሳይበሉ መዋል የስኳር መውረድ የሚጠራ ነገር ነው። እኔ በጾም ወራት ስፖርቱን ወደ ማታ፣ ከምግብ በኋላ አዞራለሁ፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ደግሞ ሐኪሜ ነው የሚወስነው። ለነፍስ አባትዎም ሕመምዎን ይንገሩ።

ዳንኤል (ጠያቂው)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማስ ጌይነሩንና ፕሪ ወርክአውቱን ለወንድሜ እመልሳለሁ፤ ለክሬቲኑ ምርመራውን አስቀድማለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ከከባድ ስፖርት በኋላ ለጡንቻ ሕመም አይቡፕሮፌን መውሰድ እችላለሁ? ሁለተኛም፣ አሠልጣኜ ስለመከረኝ የምወስደው መልቲቪታሚን ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ ሰላማዊት (ፋርማሲስት)

አይቡፕሮፌኑን ይተዉት። ኢናላፕሪል እየወሰደ በላብ ውኃ ያጣ ሰው አይቡፕሮፌን ሲጨምርበት ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ስለሚቀንስ ኩላሊቱ በድንገት ሊጎዳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሜትፎርሚንም ከሰውነት በደንብ አይወጣም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በልኩ፣ ውኃ በደንብ፣ ዕረፍትም ይበቃል። ትውከት ወይም ተቅማጥ በያዘዎ ቀን ደግሞ ጂም አይሂዱ፤ ስለ ሜትፎርሚኑና ስለ ኢናላፕሪሉም የሚከታተልዎትን ባለሙያ በዚያው ቀን ይጠይቁ።

ተራው መልቲቪታሚን ብዙም አያሳስበኝም፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ኒያሲን (ቫይታሚን ቢ3) ግን ስኳር ስለሚጨምር ቁጥሩን ይዩ። ለእርስዎ የሚጠቅመው ቫይታሚን ቢ12ዎን ማስለካት ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ይህ ቫይታሚን ሊያንስ ይችላል፤ የሚያመጣው የእግር መደንዘዝም ከስኳሩ የነርቭ ጉዳት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ክሬአቲኒኑን ለማሠራት ደም ሲሰጡ አብሮ እንዲሠራልዎ ይጠይቁ።