«የአሜሪካን እስር ቤት የሞላው ዕፅ ነው»፦ እውነት ወይስ የምርጫ ወሬ?

የፒያሳ ልጅ፦ ኦባማ በጁላይ 2015 ፊላደልፊያ ላይ ባደረገው ንግግር፣ እስር ቤቶቻችን የተጨናነቁበት እውነተኛ ምክንያት ጥቃት ያልፈጸሙ የዕፅ ጥፋተኞችን በገፍ ማጎራችን ነው አለ። እስከ ዛሬ ብዙ ፖለቲከኛ ይደግመዋል። እኔም ልክ ነው ባይ ነኝ። የ1986ቱን ህግ እዩት። 5 ግራም ክራክ (ከኮኬይን የሚሠራ፣ የሚጨስ ዕፅ) ሲሸጥ የተያዘ ትንሹ ቅጣቱ 5 ዓመት ነበር። በዱቄት ኮኬይን ለዚያው 5 ዓመት 500 ግራም ያስፈልጋል። 5 ግራም እኮ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው! በክራክ የተፈረደባቸው ደግሞ አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። በ2010 ልዩነቱ ከ100 ለ1 ወደ 18 ለ1 ወረደ እንጂ አልጠፋም።

እታለም፦ ወንድሜ፣ የጠቀስከው ህግ የፌዴራል ነው። ነገሩ የሚምታታው እዚህ ጋ ነው። በፌዴራል እስር ቤት ካሉት ግማሽ ገደማው በዕፅ የገቡ ናቸው፤ እዚያ ኦባማ አልተሳሳተም። ግን የፌዴራል እስረኛ በጠቅላላ 150 ሺህ ገደማ ነው። በስቴቶች እስር ቤት ያለው ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋል። ከእነዚህ ውስጥ ዋና ወንጀሉ ዕፅ የሆነው ከመቶ 13 ወይም 14 ቢሆን ነው። ከግማሽ በላዩ የገባው በግድያ፣ በዝርፊያ፣ በድብደባ፣ በመድፈር ነው። በዕፅ የታሰረው ሁሉ ነገ ቢፈታ እንኳ አሜሪካ ከህዝቧ ብዛት አንጻር ከምዕራብ አውሮፓ አገሮች ከእጥፍ በላይ ሰው ታስራለች።

የጉለሌው፦ ቆይ እንጂ እታለም፣ ያ ቁጥር የሚቆጠረው ዲሴምበር 31 ቀን ማን ውስጥ አለ ተብሎ ነው። በነፍስ ግድያ 20 ዓመት የተፈረደበት በየዓመቱ ይቆጠራል። በዕፅ ስምንት ወር ታስሮ የወጣው ላይቆጠር ይችላል። በ2019 ብቻ በዕፅ የተያዘው ከ1.5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ነው፤ አብዛኛው ለራሱ ይዞ በመገኘቱ። ይሄን ምን ልንለው ነው?

እታለም፦ እስራት ሳይሆን አፈሳ እንበለው! ፖለቲከኞቹ ሁለቱን እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። ባይደን በኦክቶበር 2022 ለማሪዋና ይቅርታ ሲያደርግ በየግሩፑ «እስረኞች ተፈቱ» ተባለ። ይቅርታው 6,500 ገደማ ሰው ይመለከት ነበር። ከፌዴራል እስር ቤት የወጣ ግን አንድም ሰው የለም። ማሪዋና ይዞ በመገኘት ብቻ እዚያ የታሰረ እንደሌለ የራሱ ባለሥልጣናት ናቸው የተናገሩት። ጥቅም የለውም አላልኩም፤ ሥራና ቤት ሲፈለግ የድሮ መዝገብ እንቅፋት ነው።

ጋሽ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልጆች፣ ከሁለታችሁም ቁጥር ውጭ የቀረ ሰው አለ። ሜሪላንድ ማሪዋናን ከጁላይ 2023 ጀምሮ ለአዋቂ ፈቅዳለች። የኢሚግሬሽን ህግ ግን የፌዴራል ነው፤ አልፈቀደም። ግሪን ካርድ ይዞ ከ30 ግራም በላይ ማሪዋና በመያዝ የተፈረደበት ሰው ለመባረር ይጋለጣል። ጫትም ቢሆን አገር ቤት በግልጽ ገበያ ላይ ይሸጣል፤ እዚህ በውስጡ ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር እኩል ተመድቧል። አንድ ቀን እስር ቤት ሳያድር ህይወቱ የሚበላሽ አለ።

የፒያሳ ልጅ፦ እሰይ ጋሼ! እታለም፣ በሌላ ወገን ያሉትንስ ለምን አትነኪም? ትራምፕ በማርች 2018 የዕፅ ነጋዴ ይገደል አለ፤ በዲሴምበር የዚያው ዓመት የዕፅ ቅጣት የሚያቃልል ህግ ፈረመ።

እታለም፦ እነካዋለሁ እንጂ! የሞት ቅጣት ያላቸው አገሮች የዕፅ ችግር የለባቸውም ሲል ኢራንን ረሳ። በዕፅ ስንቱን ሰቅላለች፤ ኦፒየም ሱሰኛዋ ግን አሁንም ብዙ ነው። የኦባማውም ቢሆን ለምን እንደሚወደድ ግልጽ ነው። «ዕፅ ይዞ የተገኘውን ልጅ እንፍታ» ማለት ድምፅ አያሳጣም። በዝርፊያ 25 ዓመት የተፈረደበትን ቅጣት እንቀንስ የሚል እጩ ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙው እስረኛ ያለው እዚያ ነው።

የጉለሌው፦ ያልሽውን ተቀበልኩ ብል እንኳ፣ «ጥቃት» ተብሎ የተመዘገበው ሁሉ ጥቃት ነው ወይ? አብዛኛው ክስ የሚያልቀው ከዐቃቤ ህግ ጋር በድርድር ነው። መዝገቡ ላይ ያለውና የተደረገው ይለያያል።

እታለም፦ ይለያያል፤ ግን በሁለቱም በኩል ነው። ጠመንጃ ይዞ የተያዘ ነጋዴም በድርድር «የዕፅ ጥፋተኛ» ብቻ ሆኖ ይመዘገባል።