የእንጨት እርጥበት መለኪያ፦ የቱን ልግዛ ላላችሁ

ጥያቄ፦ በርና ጠረጴዛ የምሠራው በዋንዛ ነው። ስገዛ «ደርቋል» ይሉኛል፤ ከተሠራ በኋላ ይሰነጠቃል። ምን ዓይነት መለኪያ ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለ መርፌውን ግዛ። ሁለቱን መርፌ እንጨቱ ላይ ትተክላለህ፤ መሣሪያው በመካከላቸው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያልፍ ይለካል። እርጥብ እንጨት ያስተላልፋል፣ ደረቅ ያግዳል። መርፌ የሌለውን ግን የእንጨቱ ክብደት ያሳስተዋል። ለዋንዛ አስተካክለኸው ባሕር ዛፍ ብትለካበት ከእውነቱ በላይ ያሳይሃል።

ከርካሾቹ ጄኔራል ቱልስ ኤምኤምዲ4ኢ ለጀማሪ ይበቃል። መርፌዎቹ አጭር ስለሆኑ የሚነግሩህ የላዩን ብቻ ነው። ስለዚህ ከጣውላው ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለህ ቁረጥና አዲሱ ቁርጥ ላይ መሃሉን ውጋ። ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ አትመነው። ሻጩ አላስቆርጥም ካለ የአንዷን ጣውላ ዋጋ ከፍለህም ቢሆን ቆርጠህ እይ። ሙሉ ጭነት እርጥብ እንጨት ከመግዛት በጣም ይረክሳል።

ጣውላ በብዛት የምትገዛ ከሆነ ዴልምሆርስት ጄ-2000 ጥሩ ነው። ከ6 እስከ 40 በመቶ ያነባል፣ የእንጨት ዓይነትና የሙቀት ማስተካከያም አለው። ዋግነር ኦሪዮን 910 መርፌ የለውም፤ ቀዳዳ ሳይተው 19 ሚሊ ሜትር ድረስ ይለካል። እኔ ቫርኒሽ ለተቀባ ዕቃና ለእንጨት ወለል ካልሆነ አልመርጠውም።

አብዛኞቹ ባለ መርፌዎች የተስተካከሉት ዳግላስ ፈር በሚባል የሰሜን አሜሪካ እንጨት ነው። ስለዚህ የትኛውንም ብትገዛ በዋንዛ ፈትነው። ትንሽ ቁራጭ ለካና መዝን። ከዚያ 103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አቆየው። የቀነሰውን ለደረቁ ክብደት አካፍለህ በ100 አባዛ። 58 ግራም የነበረው 50 ላይ ከቆመ እርጥበቱ 16 በመቶ ነበር። መለኪያህ 13 ብሎህ ከነበር በዚያ አካባቢ 3 እየጨመርክ አንብብ። ለዚህ ጥሩ ሚዛን ያስፈልግሃል፤ ከውድ መለኪያ ይልቅ እሱ ላይ ገንዘብ አውጣ።

ጥያቄ፦ ስንት ሲሆን ልሥራው? በክረምትስ?

መልስ፦ አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ 12 በመቶ አካባቢ ይበቃኛል። ሰመራ ለሚሄድ ከዚያ በታች ይውረድ፤ አየሩ ደረቅ ነው። በክረምት ደጅ የተከመረ ጣውላ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ከተወሰነ በታች አይወርድም። ወደ ውስጥ አስገባው፣ በየመሃሉ ስስ እንጨት እያደረግክ ደርድረው፣ በየሳምንቱ ለካ። ቁጥሩ መውረድ እስኪያቆም መላጊያ አታስነካው።