የሌላ ሰው አካውንት ያለባቸውን ግሩፖች ሙሉ ስም በኮማንድ ላይን እንዴት ልይ?

ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ማን የትኛውን ፎልደር መክፈት እንደሚችል እንዳጣራ ተመድቤያለሁ። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ዶሜይን (የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮችና አካውንቶች በአንድ ላይ የሚተዳደሩበት ኔትወርክ) ውስጥ ገብቷል። የአድሚን መብት ግን የለኝም።

ሲኤምዲ (የትእዛዝ መጻፊያውን መስኮት) ከፍቼ «ኔት ዩዘር»፣ ቀጥሎ የሠራተኛውን ዩዘርኔም፣ መጨረሻ ላይ «ስላሽ ዶሜይን» ስጽፍ መረጃው ይመጣል። ሙሉ ስም፣ ፓስዎርዱ መቼ እንደተቀየረ፣ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደገባ፤ ሁሉም አለ። እስከዚህ ድረስ ምርጥ ነው።

ያስቸገረኝ ከታች የሚዘረዘሩት ግሩፖች (ፎልደር የመክፈት መብት በጋራ የሚሰጣቸው የአካውንት ስብስቦች) ናቸው። ስማቸው 21ኛው ፊደል ላይ ይቆረጣል። እኛ ጋ «ፋይናንስ-ሪፖርትስ-ሼር-ሪድ» እና «ፋይናንስ-ሪፖርትስ-ሼር-ራይት» የሚባሉ ግሩፖች አሉ። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ «ሼር» የሚለው ልክ 21ኛው ፊደል ላይ ያልቃል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ሰውየው ፋይሉን ማንበብ ብቻ ነው የሚችለው ወይስ መቀየርም? የምፈልገው እሱን ነበር፣ የሚቆረጠውም እሱ ነው።

«ሁአምአይ ስላሽ ግሩፕስ» ስሙን ሳይቆርጥ ያወጣል፤ ግን የራሴን አካውንት ብቻ። ፓወርሼል ላይ «ጌት-ኤዲዩዘር» ስል ትእዛዙን አላውቀውም ይለኛል። የአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዶሜይኑ አካውንቶችና ግሩፖች መዝገብ) ሞጁሉ አልተጫነም፣ ለመጫን ደግሞ አድሚን ይጠይቃል። የሰው ፓስዎርድ ተቀብዬ መግባት በፍጹም አልፈልግም።

ምንም ሳልጭን፣ በተራ ዩዘር መብት፣ የሌላ ሠራተኛ አካውንት ያለባቸውን ግሩፖች ሙሉ ስም የሚያሳየኝ ትእዛዝ የትኛው ነው?