ጥቆማ፦ ከማራኪ ወደ አዘዞ ስንገባ የቤት ኢንተርኔት ውላችንን ምን ብናደርገው ይሻላል?

የማራኪ ተከራይ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር ማራኪ ከምንኖርበት ግቢ ለቅቀን በሚቀጥለው ወር አዘዞ ወደሚገኝ ቤት ልንገባ ነው። እዚህ ያስገባነው የፋይበር ኢንተርኔት የ1 ዓመት ውል ያለው ሲሆን ሊያበቃ 5 ወር ይቀረዋል፤ ከጊዜው በፊት ያቋረጠ ደንበኛ ክፍያ እንዳለበትም በውሉ ላይ ተጽፏል። ክፍያውን ፈጽሞ ማቋረጥ፣ መስመሩን ወደ አዲሱ ቤት ማዛወር፣ ወይም በእኛ ቦታ ለሚገባው ተከራይ ስሙን ማዞር ከሚሉት የቱን ትመክሩናላችሁ? ባለቤቴ ሥራውን የሚሠራው ከቤት ሆኖ ስለሆነ ያለ ኢንተርኔት ብዙ መቆየት አንችልም።

የፒያሳ ደንበኛ፦
እህቴ፣ ይህን ሁሉ ምን አደከመሽ? ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ ካለው ሱቅ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ብትገዢ ቤት በቀየርሽ ቁጥር ይዘሽው ትሄጃለሽ። እኔ ስልኬንም፣ የልጆቹን ላፕቶፕም፣ ቴሌቪዥኑንም የገዛሁት ከዚያው ነው። ባለ ሱቁ ሰው አክባሪ ነው።

መምህር ነኝ፦
የተጠየቀው ስለ ውል ነው፤ ሆኖም ራውተሩ ከተነሣ አይቀር ልዩነቱ ይነገር። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ሳፋሪኮም የሚሸጡት 4ጂ የሞባይል ኢንተርኔት በአንድ የኔትወርክ ማማ ሥር ያሉ ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚካፈሉት በመሆኑ፣ ማታ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ ፍጥነቱ ይወርዳል። ከተማችን ደግሞ ኮረብታማ ስለሆነች አንዱ ቤት ማማውን ፊት ለፊት እያየ፣ የጎረቤቱ ቤት በጉብታ ተከልሎ ሲቸገር ይታያል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ በተቋረጠ ጊዜ ሥራቸውን መቀጠል የቻሉት ባለ ገመድ መስመር የነበራቸው መሆናቸውም አይረሳ። ከቤት ለሚሠራ ሰው ራውተሩ መጠባበቂያ እንጂ ዋና መስመር ባይሆን እመርጣለሁ።

የፒያሳ ደንበኛ፦
ከዚያ ሱቅ የተገዛ ራውተር ግን እስካሁን አስቸግሮኝ አያውቅም።

ቀኃ ማዶ፦
ስም ማዞር የሚባለውን ነገር አልመክርም። ቀድሞ በተከራየሁበት ቤት የመስመሩን ማስገቢያ የከፈልኩት እኔ ሆኜ ሳለ፣ አከራዩ «ቤቱ የእኔ ስለሆነ ውሉም በስሜ ይሁን» ብለው አስመዘገቡት። ስለቅ መስመሩን ላዛውር ብል «ግድግዳዬን በስቶ የገባ ገመድ የትም አይሄድም» አሉኝ። ገንዘቤን አለመመለሳቸው ሳያንስ ከወጣሁ በኋላ የመጣውን ሂሳብ ይልኩልኝ ጀመር። ሽማግሌ ብልክባቸው ሽማግሌዎቹ ቡናቸውን ጠጥተው «እናንተው ተስማሙ» ብለው ተመለሱ።

ሽንታ፦
ሂሳቡን ከፈሉት ወይስ ተውት? በስምዎ ያልተመዘገበን መስመር ዕዳ ማን ሊጠይቅዎ ይችላል? እኔ ብሆን የኪራይ ውሌን ይዤ ቀበሌ እሄድ ነበር።

ቀኃ ማዶ፦
አልከፈልኩም፤ ነገር ግን እስከዛሬ በፒያሳ ስንተያይ ሰላምታ የለንም።

እኔም አከራይ ነኝ፦
የአከራይም ችግር ይሰማልን። አንዱ ተከራይ ይበሳል፣ ቀጣዩ የራሱን ገመድ ያመጣል፣ ሦስተኛው የሁለቱንም ትቶ በመስኮት ያስገባል። በግቢዬ ማን እንዳስገባቸው የማይታወቁ ገመዶች ተንጠልጥለዋል።

የአራዳ ልጅ፦
ጠያቂዋ ስለ ኢንተርኔት ውል ጠየቁ፤ እኛ እስካሁን የራውተር ሱቅ፣ የአከራይ ጠባይና የግድግዳ ቀዳዳ መክረናል። ጣሪያ የሚያፈስበት ካለም ዕድሉ ሳያመልጠው አሁኑኑ ይናገር።

የመስመር ሰው፦
እሜቴ፣ ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ለማዛወርም ሆነ ስም ለማዞር መጀመሪያ የሚታየው ውሉ በማን ስም እንደሆነ ነው፤ በእርስዎ ወይም በባለቤትዎ ስም ከሆነ የቀኃ ማዶው ወንድማችን የደረሰባቸው ነገር እናንተን አይነካም።

ማዛወር ማለት ሞደሙን ነቅሎ አዘዞ መሰካት አይደለም። የፋይበር ሞደም በመለያ ቁጥሩ ከተመደበለት ፖርት (የመስመር መሰኪያ ቦታ) ጋር ስለሚመዘገብ ሌላ ቦታ ቢሰኩት አይሠራም። አዲሱ ቤት አጠገብ የፋይበር ሳጥን መኖሩና በሳጥኑ ውስጥ ክፍት ፖርት መገኘቱ በባለሙያ ይረጋገጣል፤ ሳጥን እያለ ፖርቱ ሞልቶ ወረፋ የሚጠበቅበት ጊዜም አለ። ያለው የመዳብ መስመር ብቻ ከሆነ ደግሞ ቤቱ ከማከፋፈያው በራቀ መጠን ፍጥነቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ዛሬ የለመዱትን ፍጥነት ከዚያ አይጠብቁ። ስለዚህ የቤቱን ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት አድራሻውን ይዘው ያስጠይቁ፤ የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች ስልክ 994 ነው።

ስለ ገንዘቡ፦ ለምሳሌ ወርሃዊ ክፍያው 800 ብር ቢሆን የ5 ወሩ 4,000 ብር ይሆናል። ውሉ የሚያስከፍለው የቀሪዎቹን ወራት ሙሉ ሂሳብ ከሆነ ከማቋረጥ ይልቅ ስም ማዞር በግልጽ ያዋጣል፤ የሚያስከፍለው አነስ ያለ ቁርጥ ክፍያ ከሆነ ግን ከአዲስ ተከራይ ጋር ከመጨቃጨቅ ከፍሎ መገላገል ይቀላል።

የሕግ ተማሪ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሚገባ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ መሆኑን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 1889 ደግሞ ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን የሚከፍለውን ኪሣራ ተዋዋዮቹ አስቀድመው ሊወስኑ እንደሚችሉ ይገልጻል። በመሆኑም ቤት መቀየር ብቻውን ከክፍያው ነፃ ያወጣል ብሎ መከራከር ከባድ ነው። አቅራቢው በአዲሱ አድራሻ አገልግሎቱን መስጠት እንደማይችል በጽሑፍ ከገለጸ ግን ቢያንስ ክፍያው እንዲቀነስ ለመደራደር ጥሩ መነሻ ይኖራችኋል። ካልተስማማችሁ ቅሬታችሁን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማቅረብ ትችላላችሁ። የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ማመልከቻችሁን የተቀበሉበት ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር፤ መስመሩ በይፋ እስካልተቋረጠ ድረስ ባትጠቀሙበትም ወርሃዊው ሂሳብ መቁጠሩን አያቆምም።

የማራኪ ተከራይ (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ውሉ በባለቤቴ ስም ነው። አዲሱ ቤት ከዋናው የባሕር ዳር መንገድ ገባ ይላል፤ በዚያ አካባቢ ፋይበር ያስገባ አለ?

አዘዞ ነዋሪ፦
እኛ ጋ ከአስፋልቱ ዳር ያሉት ቤቶች አስገብተዋል፤ ወደ ውስጥ ያለው እንደ ሰፈሩ ስለሚለያይ የጎረቤት ምሰሶ ላይ ያለውን ሳጥን አይተው ይጠይቁ። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ መብራት ነው። የፋይበሩ መከፋፈያ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ ሞደሙን በሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል በሚሰጥ ትንሽ ባትሪ) ካስደገፉት ብዙ ጊዜ መብራት ቢሄድም ኢንተርኔቱ አይቋረጥም። ሲገዙ የሞደሙን ቮልት ከጀርባው አንብበው ይሂዱ፤ 12 ቮልት የሚፈልገውን በ9 ቮልት ማሠራት አይቻልም።

የፒያሳ ደንበኛ፦
ሚኒ ዩፒኤስም እዚያው ሱቅ አለ። ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ ነው።