የ11 ዓመት ልጄ የላይኛው ጥርሷ የታችኛውን ይሸፍነዋል፣ አሁን ነው ሽቦ የሚደረገው ወይስ ትደግ?

የሳሮን እናት፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ልጄ ጥርሷን ስትገጥም የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጭራሽ አይታዩም፣ የላይኞቹ ደግሞ ወደ ፊት ወጣ ብለዋል። ክላስ ውስጥ ገጣጣ እያሏት ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ጀምራለች፣ አንጀቴን ነው የምትበላው። አንዱ 18 ይሙላት ይላል፣ ሌላው አሁኑኑ ብሬስ (ሽቦ) አስደርጊያት ይላል፣ ማንን ልስማ?

ቤቲ፦ እህቴ 18 የሚሉሽን አትስሚ!! እኔ በ24 ዓመቴ ነው የጀመርኩት፣ ተስተካክሎልኛል ተመስገን፣ ግን ከላይ ሁለት ጥርስ ተነቅሎ ነው ቦታ የተገኘው።

የጥርስ ሐኪም ነኝ፦ እናት፣ ያልሽው ሁለት ነገር ነው፣ መሸፈኑ ሌላ፣ ወደ ፊት መውጣቱ ሌላ። የላይኛው የታችኛውን ሲሶ ያህል ቢሸፍን ጤናማ ነው፣ ሙሉ ለሙሉ ከሆነ ግን የታችኞቹ ላንቃዋን እየነኩ እንዳያቆስሏት አፏን አስከፍተሽ እዪ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላይኛው ጥርስ ሳይሆን የታችኛው መንጋጋ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ጥሩው ጊዜ ልጅ ፈጥኖ የሚያድግበት ነው። ሴት ልጅ ቀድማ ነው የምታድገው፣ የወር አበባ ካየች በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ስለዚህ አሁን ኦርቶዶንቲስት (የጥርስና የመንጋጋ አቀማመጥ የሚያስተካክል ሐኪም) ይያት። የጎን ራጅ ተነስታ መንጋጋው ከሆነ እንደ ትዊን ብሎክ ያለ የሚወልቅ መሣሪያ ይሰጣታል፣ ሽቦው ከዚያ በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ እሱም አንድ ዓመት ተኩል ሁለት ዓመት ይፈጃል። እድገት ካለቀ በኋላ ከባድ የመንጋጋ ችግር ኦፕሬሽን ሊጠይቅ ይችላል።

አቤል፦ ዋጋ ስትጠይቂ የየወሩ ማጥበቂያና ሪቴይነሩ (ሽቦው ከወጣ በኋላ ጥርሱን ባለበት የሚይዘው) ተጨምሮ ነው ወይ በይ፣ አንዳንዱ ሽቦውን ብቻ ነው የሚነግርሽ። ሪቴይነር ካላደረገች ጥርሱ ይመለሳል። ቆሎና ማስቲካም ትተው፣ ሽቦውን ያስለቅቃል።

የሳሮን እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዶክተር አንድ ነገር፣ ተኝታ አሁንም አውራ ጣቷን ትጠባለች፣ ለውጥ አለው?

የጥርስ ሐኪም ነኝ፦ በጣም አለው! ጣቱ የላይኛውን ወደ ፊት ይገፋል፣ የታችኛውን ወደ ውስጥ። ሳትቆጫት ማታ ጓንት አልብሻት፣ ለሐኪሙም ንገሪው፣ መጥባቱ አልተው ካላት ላንቃ ላይ የሚገባ ማስተዊያ መሣሪያ አለ፣ መጥባቱ ሳይቆም ሽቦ ቢታሰር ድካሙ ከንቱ ነው።