ለልጄ ርካሹን ጊታር ልግዛ ወይስ ውዱን?

ጥያቄ፦ እናት፣ አዲስ አበባ
ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ሦስት ወር በተውሶ ጊታር ተለማመደች። አሁን የራሷን ልገዛላት ነው። ፒያሳ ሁለት አየሁ፤ የአንዱ ዋጋ የሌላው አራት እጥፍ ነው። ሻጩ "ርካሹ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ውዱ ፊቱ ወጥ እንጨት ነው" አለኝ። እኔ ብዙ ልዩነት አልሰማሁም። በተውሶው ጣቷ ስለቆሰለ ደግሞ እንዳታቆም ፈርቻለሁ። ብሩን ላውጣው?

መልስ፦ የጊታር አስተማሪ
እህቴ፣ ለጀማሪ ከእንጨቱ በፊት የሚታየው የክሩ ከፍታ ነው። ማስመሪያ ይዘው ይሂዱ። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት አግዳሚ ብረቶች 12ኛው) ላይ፣ ከብረቱ አናት እስከ ወፍራሙ ክር ሥር ይለኩ። የብረት ክር ላለው ጊታር 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥሩ ነው። 4 ከሆነ ውድም ቢሆን ጣት ይጎዳል።
ቀጥሎ ክሩን ሳይጫኑ ከ12ኛው ፍሬት ብረት በላይ ነካ አድርገው ይምቱት፤ ደወል የመሰለ ድምፅ ይወጣል። ከዚያ እዚያው ተጭነው ይምቱት። ሁለቱ ድምፆች ካልገጠሙ ያ ጊታር የቱንም ያህል ቢቃኝ ወደ ላይ ሲወጡ ይስታል። ትዝታ የለመደ ጆሮ ቶሎ ይለየዋል።

መልስ፦ ጊታር ጠጋኝ
ከፍታው ይስተካከላል፣ አይስጉ። ድልድዩ (ፊቱ ላይ ክሩ የሚታሰርበት እንጨት) ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ነጭ ዘንግ አለ። ክሩን አላልቶ ዘንጉን ማውጣት፣ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። ከዘንጉ 1 ሚሊ ሲቀነስ 12ኛው ፍሬት ላይ የሚወርደው ግማሽ ሚሊ ነው። ቀስ እያሉ! ከበዛ ክሩ ፍሬቱን እየመታ ዝዝ ይላል።

መልስ፦ ጊታሪስት፣ ዋሽንግተን ዲሲ
ሻጩ የነገረዎት ልዩነት እውነት ነው። ለምሳሌ ያማሃ ኤፍ 310 የሚባለው ጊታር ፊቱ ኮምፔንሳቶ ነው፤ የያማሃው ኤፍጂ 800 ግን ወጥ የስፕሩስ እንጨት ነው፣ ድምፁም ይሞላል። ወጥ እንጨት ግን ድርቀት አይችልም። የኔው ክረምት ላይ፣ ማሞቂያ ባለበት ቤት ፊቱ ተሰነጠቀ፤ አለቀስኩ። የአዲስ አበባ በጋም ደረቅ ነው፣ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ። ከመካከለኛው ዋጋ በላይ የሚከፈለው በአብዛኛው ለጌጥ፣ ለእጅ ሥራና ለስም ነው። ለ14 ዓመት ልጅ እኔ አልከፍልም።

ጠያቂዋ፦
ማስመሪያ ይዤ ሄድኩ። ርካሹ 3.5፣ ውዱ 3 ሆነ። ደወሉ በሁለቱም ገጠመ። ርካሹን ገዛሁና ጠጋኝ 2.5 አደረሰልኝ። የተረፈው ብር ለአስተማሪዋ ሆነ። ትናንት ማታ እራት እስኪቀርብ ከእጇ አላወረደችውም።